ልቡ ደረቅ፣ ክሩ እርጥብ

ከሚሴ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017

ለእህቴ ለማንአልሞሽ፣

ሰላምታዬ ያንን ሁሉ ውሃ ተሻግሮ ሳይረጥብ ይድረስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የባለቤቴ እናት አዴ ዘሃራም ደህና ናቸው፤ ዓይናቸው ጨርሶ ከጠፋ ወዲህ ጆሯቸው የጎረቤቱን ሹክሹክታ ሳይቀር ይለቅማል። "ለዚያች ለመምህሯ ጻፊላት፤ ልጅ ሆና ከጎረቤት እየመጣች ከኛ ቤት ቆሎ ስትቆረጥም ነው ያደገችው፣ ጥርሷ አለ ወይ በይልኝ" ብለዋል። እኔ መልእክት አድራሽ ነኝ፣ አትቀየሚኝ።

ልጄ ኢልሃም ትናገራለች ወይ ላልሽኝ፣ ትናገራለች። "እሺ" ትላለች። "አልራበኝም" ትላለች። ሌላ የለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ናት። እሷ ብቻ መች ወደቀች፤ ክፍሉ በሙሉ ወደቀ ማለት ይቻላል። ሌሎቹ ግን አልቅሰው ወጣላቸው፤ የኔዋ አላለቀሰችም። ጓዳ ገብታ ስንደዶና አክርማ ታቅፋ ትሰፋለች። ሌማት ትጀምራለች፣ ታፈርሳለች። ሙዳይ ትጀምራለች፣ ታፈርሳለች። ጓዳው ውስጥ ሰው እንዳለ የምናውቀው ወስፌው ሣሩን ሲበሳ ድምፁን ስንሰማ ነው።

የሟቹ ባለቤቴ ወንድም በድሩ እንደ አባት ሆኖ አሳድጓታል፤ ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ሰንበቴ ገበያ በሬና ግመል ሲያሻሽጥ የሚያውቀው ቤተሰብ አለ፤ ልጃቸው ጨዋ ነው፣ ሱቅ አለው፣ ኢልሃምን ይፈልጋል። በድሩ አስቀምጦ ምን አለኝ መሰለሽ፤ "ዓፊያ፣ እስከ አረፋ እጠብቃለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ይዛ ከቆመች እሰየው። ካልሆነ ሽማግሌ እቀበላለሁ። ልጅ ጓዳ ውስጥ እንደ ቋንጣ አይደርቅም።" እውነቱን ነው።

ስለዚህ ኢልሃምን ላኪልኝ ያልሽውን ተቀብያለሁ። ወንድሜ ሲራጅ በአይሱዙው ሽንኩርት ሊጭን ዝዋይ ሲወርድ እሷንም ይዟት ይመጣል። ደሴታችሁ ላይ ስልኩ ኮረብታ ጫፍ ካልተወጣ አይሠራም ስላልሽኝ ደብዳቤያችንንም እሱ ያመላልሳል።

አንድ ነገር ግን አስረጂኝ። ዙሪያው ውሃ በሆነ መሬት ላይ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? እኔ ትልቅ ውሃ አየሁ የምለው ቦርከና ሞልቶ የጨፋን ሜዳ ሲያለብሰው ነው፤ እሱም በክረምት መጥቶ ይሄዳል። የማይሄድ ውሃ መሐል ተቀምጣችሁ ደግሞ የጥበብና የትምህርት ማዕከል ከፈትን ስትይኝ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። የዓሣ መጋዘን የነበረውን ኖራ ቀብታችሁ፣ ስምንተኛ ላይ የቀረውንም፣ ፈተና የጣለውንም፣ ወልዳ ያቋረጠችውንም ትቀበላላችሁ? አሥራ ሁለተኛን የወደቀ ሰው ሌላ በር አለው? እኔ ስድስተኛ ላይ የቆምኩ ሴት ነኝ፤ የማውቀው በር አንድ ነበር፣ እሱም ልጄ ፊት ተዘጋ።

ስለ ምግቡ አትጨነቂ። ሥጋችሁን አትበላም፣ ሥጋዋን አትበሉም፤ ዓሣው ግን የሁላችሁም ነው። አዴ ዘሃራ "አላህ ዓሣን ያለ ቢላዋ የፈጠረው እስላምና ክርስቲያን አንድ ትሪ እንዲቀርቡ ነው" ይላሉ።

አብሽሪ፣ አደራዬ ከብዶሽ ይሆናል። እኔንም ከብዶኝ ነው።

እህትሽ ዓፊያ


ከሚሴ፣ ጥር 12 ቀን 2017

ማንዬ፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰሽ! ትናንት ታቦቱ ሲመለስ የኛ ሰፈር ልጆች መንገዱን ጠርገው ለመንገደኛው ውሃ ሲያድሉ ዋሉ። አንቺ በሌለሽበት ላንቺ ያልኳትን አንድ ብርጭቆ ራሴ ጠጣኋት።

ጥያቄሽ አሳቀኝ። "ስንደዶ ሳይነከር ይሰፋል ወይ?" ኧረ እቴ! ደረቅ ሣር ማን ይሰፋል? ይሰበራል፣ ጣት ይወጋል። እኛ ቤት ስፌት በውሃ ነው የሚጀመረው። ሲመሽ ይነከራል፣ ሲነጋ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስልሶ ይገኛል። ይህንን ኢልሃም ከጡት ጋር የጠባችው ነው። ምነው፣ ረሳችው እንዴ? ወይስ የደሴቷን ሴቶች እያስተማረች ነው? "አንድ ሥራ ይዛለች፣ ምን እንደሆነ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች" ብለሽ አንጠልጥለሽ ተውሽኝ።

ግን አስማለችሽ! ሰው ለማስማል አፍ መክፈት አለበት አይደል? ይቺን ብቻ ይዤ ጎረቤቱን ሁሉ ዞርኩ። "ልጄ መምህር አስማለች" እያልኩ።

ሲራጅማ አላስተኛንም። ሰዎቹ ሣር ያስሩና ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሐይቁን ይሻገራሉ አለን። ጎማ የለው፣ ሞተር የለው። ጉማሬ ከአጠገባቸው ብቅ ሲል ቀዛፊው "ደህና ዋልክ" ብሎት አለፈ አለ። በድሩ "ይሄ ሰውዬ ዛሬ የቃመው ጫት የት በቀለ?" ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ሲራጅ በአላህ ማለ። ማዕከሉ ግድግዳ ላይ የደሴቷ ልጆች የሣሉትን አሞራና ዓሣ አየሁ፣ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲማሩ አየሁ፣ መምህሩ በጀልባ መጥቶ ማዕበል ሲነሳ እዚያው ያድራል አለ። በድሩም ማሳቁን ተወ፤ ሁላችንም እንደ ተረት ነበር የምናዳምጠው።

አዴ ዘሃራ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ኋላ "እኔ ዕድሜ ልኬን ሣር ተሸክሜ ኖርኩ" አሉ። "ሰውን የሚሸከም ሣርም አለ? ሱብሃነላህ!" መልሰው መላልሰው ይህንኑ ሲሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሌማት ይሁን መሶብ፣ የያዘችው ነገር ሲያልቅ ንገሪኝ። በድሩ ስለ አረፋ ማንሳቱን አልተወም።

ዓፊያ


ከደሴቷ፣ የካቲት 10 ቀን 2017

ዓፊያዬ፣

አስቀድሜ፣ ልጅሽ ደህና ናት። ይህንን ከሰላምታው በፊት የጻፍኩት ታች እስክትደርሺ እንዳትሰጊ ብዬ ነው።

ይቅርታሽን እለምናለሁ። ስለ ስንደዶው ስጠይቅሽ ምክንያቱን ብጽፍልሽ ኖሮ ምናልባት ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። መሐላዬን ጠበቅኩና ልጅቷን ሳልጠብቃት ቀረሁ።

ኢልሃም ስትሠራ የከረመችው ታንኳ ነው። እዚህ ታንኳ የሚሠራው ጋሽ ሣህሌ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ የሐይቁን ፊላ፣ ያንን ረጅም የውሃ ሣር፣ በነዶ በነዶ አድርጎ ያስረዋል። ልጅሽ አጠገቡ እየተቀመጠች ስታይ ስታይ ከረመችና አንድ ቀን "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያላለቀ ስፌት ነው" አለችው። ከመጣች ጀምሮ ያወጣችው ረጅሙ ንግግር ነበር። እሱም ስቆ "በይ ጨርሺው" አላት። ተጀመረ። ፊላውን እንደ ሌማት ዙሪያውን እየጠመዘዘች ስትሰፋው የሒሳብ መምህሩ ተማሪዎቹን እያወጣ በዙሩ ላይ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ሴቶቹ ዓሣቸውን ጥለው ያዩዋታል። እኔ ስንት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ተመስጦ በተማሪ ፊት ላይ አላየሁም።

ግን ፊላውን ነከረችው። እንደ ከሚሴ ወግ፣ ሲመሽ ነከረችው፣ ሲነጋ ሰፋችው። እዚህ ለታንኳ የሚሆን ፊላ በፀሐይ ደርቆ ካልቀለለ አይነካም። ጋሽ ሣህሌ አይቷል፤ "የአገራቸው ሥራ እንዲህ ይሆናል፣ እንግዳ አላርምም" ብሎ አፍሮ ዝም አለ። እኔም አንቺን ጠይቄ "ስፌት በውሃ ነው የሚጀመረው" ስትይኝ ልቤ አረፈ።

ማዕከሉ ሥራውን ለደሴቷ ሰው የሚያሳይበት ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ዳር ቆሟል። ታንኳዋ ውሃውን ጠጣችው። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ኢልሃምን ጋሽ ሣህሌ በመቅዘፊያው ስቦ አወጣት፤ ከቀሚሷ በቀር የተጎዳ ነገር የለም።

አሁን እንደገና ዝም ብላለች። ወስፌዋን አምጥታ ለኔ ሰጥታኛለች። ጋሽ ሣህሌ በሯ ላይ ቆሞ "ያልሰመጠ ታንኳ ሠሪ የት አገር አለ? እኔ የሰመጥኩትን ጉማሬ ይመሰክራል" ቢላት አልሰማችውም። እዚህ ማዕከል ወደ ሁለተኛው ዓመት የምናሳልፈው በፈተና አይደለም፤ ተማሪው ቆሞ በሚያሳየው የራሱ ሥራ ነው። እሷ ግን የምትለው አንድ ነገር ነው፤ "እናቴ ነይ ካለችኝ እሄዳለሁ።"

ልላካት ወይስ ላቆያት? እናቷ አንቺ ነሽ።

ማንአልሞሽ


ከሚሴ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017

ማንዬ፣

ጾም ላይ ነን። ደብዳቤሽን ሲራጅ ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር ሰጠኝ። አፍጥሬ አነባለሁ ብዬ ነበር፤ የት ችዬ። እንዳነበብኩት "ነይ" ብዬ ልጽፍላት ወረቀት አወጣሁ። እውነቴን ነው፣ "ልጄ ነይ" የሚለውን ጽፌው ነበር።

ይቅርታ አትጠይቂኝ። አላጠፋሽም። የማናውቀውን ውሃ በምናውቀው ሣር ለካነው፣ ይኸው ነው።

አዴ ዘሃራ አፍንጫዬን ስስብ ሰምተው "አንብቢልኝ" አሉኝ። አነበብኩላቸው። ሰመጠ የሚለው ጋ ስደርስ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሳቁ! መቁጠሪያቸው፣ ሙሰብሃው፣ ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። "ነክራው ነዋ! አንቺ ሌማት አስተማርሻት፣ እሷም ሌማት ሠራች። ሌማት ደግሞ ለእንጀራ ነው እንጂ ለባሕር አይደለም።" አኮረፍኩ። "ተይ ኩርፊያውን፣ ቅረቢ" አሉና እኔ በሙሽርነቴ ጊዜ እንኳ ያላየሁትን ነገር አነሱ።

ጀሪካን የሚባል ሳይመጣ በፊት አዴ ዘሃራ የወተት ጮጮ ይሰፉ ነበር። ወተት ተሞልቶ ሰንበቴ ድረስ በግመል ተጭኖ ጠብ የማይል ጮጮ! እኔ ያወቅኳቸው በሌማት ብቻ ነው። እጄን ይዘው ጣቴን በጣታቸው እያጠፉ አሳዩኝ። ውስጥ የሚገባው ሣር፣ ልቡ፣ በፀሐይ ደርቆ ቀልሎ መግባት አለበት። የሚጠመጠምበት ክር ግን ረጥቦ ይጠመጠማል። ክሩ ሲደርቅ ይኮማተርና ልቡን አንቆ ይይዘዋል። ከዚያ በቅቤ ይታሻል። "ልቡ ደረቅ፣ ክሩ እርጥብ። ወተት የማያስወጣ ውሃ አያስገባም፤ ለልጄ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት" አሉኝ። ይኸው ጻፍኩ። ለጋሽ ሣህሌም አንብቢለት፤ እሱ ውሃውን ያውቃል፣ እኛ አናውቅም። እንግዳ ማረም ነውር አይደለም ብላሃለች በይው፤ ዓሣ የሚበላ እንግዳ ቤተኛ ነው።

በድሩ ሰማ። ሲራጅ አፉ እንደ ወንፊት መሆኑን ታውቂያለሽ። "ልጃችን ውሃ ላይ ሌማት ዘርግታ ዓሣ ጋበዘች አሉ" ብሎ ቀለደ። ፊቴን ሲያይ ደነገጠና "አይዞሽ ዓፊያ፣ አረፋ ቅርብ ነው" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። ከቀልዱ ይልቅ ማጽናኛው ወጋኝ።

አሁን መልሴን ልንገርሽ። "እናቴ ነይ ካለችኝ" ብላለች አይደል? አላልኳትም በያት። የጻፍኩትን ወረቀት ቀድጄዋለሁ። ነይ ብላት ትመጣለች፣ መጥታም ጓዳ ትገባለች። እዚያ ዝም ብትል እንኳ ከፊቷ ያለው ውሃ ነው፤ እዚህ ከፊቷ ያለው ግድግዳ ነው። ወስፌዋን እጇ ላይ አታድርጊባት፤ የምታልፍበት ቦታ አስቀምጪው። ያ የኔ ልጅ እጅ ነው፣ ባዶውን መዋል አያውቅበትም።



ዓፊያ


ከደሴቷ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017

ዓፊያዬ፣

አጭር ናት። ሲራጅ ዳር ላይ ይጠብቀኛል፣ ሽንኩርቱ ፀሐይ ላይ ነው።

"ሁለተኛዋ ታንኳስ?" ላልሽኝ አልመልስልሽም። አሁንም አስምላኛለች፤ ሲራጅንም አስምላዋለች፣ እሱ እንዴት እንደሚችለው እናያለን። በጨርቅ የተጠቀለለውን ዕቃ ከማንም በፊት አዴ ዘሃራ እጅ ላይ አድርጊው ብላለች። ስለ ሽታው ይቅርታ፤ ጋሽ ሣህሌ "ቅቤ ለሰው ራስ ነው፣ ለታንኳ የአምባዛ ሞራ ይበቃዋል" ብሎ ነው።

እንኳን ለአረፋው በሰላም አደረሳችሁ።

ማንአልሞሽ


ከሚሴ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017

ማንዬ፣ የልቤ ሰው፣

ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። ሲራጅ መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት አረፋን ጋራዥ ደጅ ነው ያከበረው። የደረሰው ሽማግሌዎቹ በመጡበት ጠዋት ነው። ዕቃውን እንዴት እንደተቀበልነው አረፍ ብለሽ ስሚኝ።

ሦስት ናቸው፣ ከሰንበቴ። ትልቁ ሐጂ ዓብዱልመጂድ ይባላሉ፣ ጺማቸው በሂና የቀላ። እንደ ወጉ ደጃፉ ላይ ቆሙ። በድሩ "ግቡ፣ ተቀመጡ" ሲላቸው "ጉዳይ ይዘናል፣ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም" አሉ። በድሩ አንገቱን ደፋ፣ ወደኔ አየ። አረፋ አልፏል። በዚህ መሐል ሲራጅ ጥቅሉን ታቅፎ ገባና ከሰው መሐል ቆመ። ወንድሜ፣ ያ ወንፊቱ፣ አንዲት ቃል አልወጣውም! አመመው እንዴ ብዬ ፈራሁ።

ደብዳቤሽን ብቻ ዘረጋልኝ፤ ያልሽውን አነበብኩና ጥቅሉን ተቀብዬ አዴ ዘሃራ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። በድሩ "ዓፊያ፣ አሁን የዕቃ ጊዜ ነው?" አለ። አዴ ዘሃራ ጨርቁን ፈቱት። የዓሣው ሽታ ቤቱን ሞላው፣ አንደኛው ሽማግሌ በጋቢያቸው አፍንጫቸውን ያዙ።

ታንኳ ናት። ሁለት መዳፍ የማትሞላ ታንኳ፤ ወገቧ እንደ ሙዳይ ክብ፣ አፏ እንደ ወፍ አፍ ሾል ያለ። አዴ ዘሃራ በጣታቸው ከታች ጀምረው ዙሩን ተከትለው ወጡ። ቀስ እያሉ። አንድ ቦታ ቆሙ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ወጡ። "ይሄ የኔ እጅ ነው" አሉ። ትንሽ ዝቅ ብለው ደግሞ "ይሄን ቋጠሮ አላውቀውም፣ ይሄ የውሃ ሰው እጅ ነው" አሉ። ከዚያ አፏ ጋ ደረሱና ጣታቸውን ደጋግመው አመላለሱ። "ይሄኛው ግን የማንም አይደለም። ይሄ የራሷ ነው። ዓፊያ፣ ይቺ የፈራች እጅ አይደለችም።"

ከዚያ ወደኔ ዞረው በኦሮምኛ "ቢሻን ፊዲ!" አሉኝ። ውሃ አምጪ። እየተደናበርኩ የልብሱን ሳፋ ሞልቼ አመጣሁ። ሽማግሌዎቹ ለመታጠቢያ የመጣ መስሏቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። አዴ ዘሃራ ጎንበስ ብለው ታንኳዋን ውሃው ላይ አኖሯት፤ ጣታቸውን ግን አላነሱም። የማየው ሳፋ አይደለም፣ ያንቺን ሐይቅ ነው፤ ልጄ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ሰው ሁሉ ሲያያት ነው። አዴ ዘሃራ "ቢስሚላህ" አሉና ለቀቋት።

ቆመች። ሄደች እንጂ! እንዲህ ወዘወዝ ብላ፣ ዞር ብላ፣ በሳፋው ላይ ከዳር ዳር ሄደች። ውሃ ከሣር ጋር ሲታረቅ አይቼ አላውቅም። አዴ ዘሃራ አያዩም፤ ዝምታችንን ሰምተው "ተንሳፈፈች አይደል?" አሉ።

በድሩ ነው መጀመሪያ የተነሳው። እንደ ገበያ በሬ ዙሪያዋን ዞረ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። "የምትሸከምስ እንደሆነ?" ብሎ የቁልፍ ዘለላውን አስቀመጠባት። ቻለችው። ስልኩን አወጣ፤ "ኧረ ስልኩን!" ብዬ ጮህኩ፤ እሱንም ቻለችው። አዴ ዘሃራ ሙሰብሃቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጨመሩባት። ይህንን ሁሉ ተሸክማ ያች ትንሽ ነገር ዞር ትላለች። በድሩ ተንበርክኮ ቀረ። "እስከ አረፋ አንድ ነገር ይዛ ከቆመች ብዬ ነበር" አለ ለራሱ። "ይዛ ቆማለች።"

"ቆማለች ትላለህ? ቆማ ብትሆን ሰምጣ ነበር!" አሉት እናቱ።

ሐጂ ዓብዱልመጂድ ከሳፋው ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። ኋላ ከዘራቸውን ለሌላው ሰጡና "ይቺ ልጅ መንገደኛ ናት" አሉ። "መንገደኛን ይመርቁታል እንጂ አይመልሱትም። የኛ ልጅ ከፈለገ ይጠብቅ፤ ካልፈለገም አላህ ለሁሉም አለው። እንቀመጥ፣ ዱዓ እናድርግ።" መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም ያሉት ሽማግሌዎች ቁጭ አሉ ማንዬ! ሳፋውን ከበው ቁጭ አሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ለሷ፣ ላንቺ፣ ለጋሽ ሣህሌ፣ ኖራ ለተቀባው ቤታችሁና ማዕበል ለሚያሳድረው መምህር ሁሉ ዱዓ አደረጉ። ሙሽራ ሊጠይቁ መጥተው ትምህርት መርቀው ሄዱ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው ሲራጅ አፉን የፈታው። ደሴቷን ትቶ ሲወጣ በጀልባ አይደለም የወጣው፤ በትልቋ ታንኳ ነው፣ በተሰፋችው። ኢልሃም ራሷ ቀዝፋ፣ ጋሽ ሣህሌ የኋላውን ይዞ፣ ውሃ አንድ ጠብታ ሳይገባ አሻገረችው። "እስከ መሐል ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር" አለ። "ከፈትኩት። ከታች ሰማይ፣ ከላይ ሰማይ። እሷ እየቀዘፈች ታወራለች፣ ዓፊያ። ሳታቋርጥ ታወራለች። እኔ ነኝ ዝም ያልኩት።" ሁለተኛውን ዓመት እንደፈቀዳችሁላትና ጮጮ አሰፋፉን ለደሴቷ ሴቶች ልታስተምር እንደሆነም ያኔ ነገረን። እኔ ጓዳ ገብቼ ስንደዶዋን አቅፌ አለቀስኩ፤ እሷ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀስኩላት።

ትንሿን አዴ ዘሃራ ከውሃው አላስወጣ ብለዋል። ሳፋው መሐል ቤት ተቀምጧል፣ ልብስ በምን እንደምናጥብ አላህ ይወቅ። በድሩ ከገበያ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ መጀመሪያ እሷን ያያል። ትናንት ሰንበቴ የሚነግዱ ሰዎች ይዞ መጥቶ "ይኸው የወንድሜ ልጅ ሥራ" ሲል ሰምቼው ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ።

በሲራጅ አፍ መጥተሽ እይ ላልሽኝ፣ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ከሲራጅ ጋር እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። አዴ ዘሃራ ራሳቸው ናቸው ሂጂ ያሉኝ፤ "እኔ በጣቴ አይቻለሁ፣ አንቺ በዓይንሽ እይልኝ" ብለው። ልጄ በትልቋ ታሻግረኛለች ተብሏል። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን ከፍርሃቴ የበለጠ አንድ ነገር ያሳስበኛል፤ ሌላ ሰው እንዳልጠይቅ አፍሬያለሁና ላንቺ ልጻፈው።

ታንኳ ላይ ሲወጣ ጫማ ይወለቃል? ደንቡን አላውቅም። እኔ ግን ላወልቅ ነው ያሰብኩት።

እህትሽ ዓፊያ